አራተኛው ስንጥቅ

በየዓመቱ መስከረም ላይ ዲኑ አዳራሽ ያቆመኝና ለአዲስ ተማሪዎች "ፕሮፌሰር እንዴት ይኮናል?" የሚል ንግግር አድርጊ ይለኛል። አደርጋለሁ። ከክፍልህ አንደኛ ትወጣለህ፤ ሙዒድ፣ ማለት ረዳት መምህር፣ ሆነህ እዚያው ትቀጠራለህ፤ በአምስት ዓመት ማስተርስ፣ በሌላ አምስት ዓመት ዶክትሬት፤ ከዚያ ሌክቸረር፣ ከዚያ ተባባሪ ፕሮፌሰር፣ ከዚያ ፕሮፌሰር። ልጆቹ ይጽፋሉ። ከፊት የተቀመጡት በሁለት ቀለም ይጽፋሉ። እኔ እነሱን ሳይ ደሜ ይፈላል፤ የነገርኳቸው ሁሉ እውነት ነው፣ በእኔ ላይ ግን እንደዚያ ቀጥ ብሎ አልሆነም።

አንድ ጊዜ እንኳ እንደሆነው ልናገረው።

ስሜ ኢንሺራሕ ነው። ግብፅ ውስጥ፣ የመንዘላ ሐይቅ ዳር የዓሣ አጥማጅ ልጅ ነኝ። ከሳይንስ ፋኩልቲ በዕፅዋት ትምህርት አንደኛ ወጥቼ ሙዒድ ስሆን አባቴ ጀልባውን አዲስ ቀለም ቀባና ጎኗ ላይ "ዶክተር ኢንሺራሕ" ብሎ አስጻፈ። እናቴ ደግሞ ዳክዬ ማደለብ ጀመረች። በእኛ ዘንድ የማስተርስ ዲፌንስ ቀን ፈታኞቹን የሚያበላው የተማሪው ቤተሰብ ነው፤ ፈታኙ ሲመጣ ጽሑፉን በአንድ እጁ፣ ሆዱን በሌላ እጁ ይዞ ነው የሚመጣው። እናቴ በየክረምቱ ስድስት ዳክዬ ለዲፌንሴ ብላ ታደልባለች፤ ዲፌንሱ ይቀራል፤ ዳክዬዎቹን በበዓል እንበላቸዋለን። አራት ጊዜ በላናቸው። በአራተኛው ዓመት አጎቶቼ አጥንት እየጋጡ "ኢንሺራሕ፣ በአላህ አትቸኩይ፣ ይህ ትምህርት ተመችቶናል" ይሉኝ ነበር። ወደቡ ላይ ያሉት ደግሞ አባቴን "የጀልባዋ ቀለም ለቀቀ፣ ዶክተርነቱስ መቼ ነው?" ይሉታል። አባቴ መረቡን ይጠግናል።

ሕጉ ግልጽ ነው። ሙዒድ ሆኖ በአምስት ዓመት ማስተርሱን ያልጨረሰ ከማስተማር ይነሳና ቢሮ ይገባል። ይህ ተረት አይደለም፤ ምድር ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ሲት አፍካር የምትባል ሴት ነበረችልን። የተማሪ መታወቂያ ላይ ማኅተም ትመታለች። እሷም በጊዜዋ ከክፍሏ አንደኛ ነበረች። በደረጃው ስወርድ ባየችኝ ቁጥር "ስንት ቀረሽ?" ትለኛለች፤ በክፋት አይደለም፣ አጠገቧ ባዶ ወንበር ስላለ ነው። ያን ጊዜ አርባ አንድ ቀን ቀርቶኝ ነበር።

ጽሑፌስ? ጽሑፌ አልቋል። ከስምንት ወር በፊት አልቆ፣ ታትሞ፣ ተጠርዞ አማካሪዬ ዶክተር ፊክሪ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። አንብቦ "ለፈተና ብቁ ነው" የሚለውን ወረቀት መፈረም ብቻ ነው የቀረው። እሱ ግን የሻይ ብርጭቆውን ያስቀምጥበታል። በገባሁ ቁጥር ሽፋኑ ላይ አንድ አዲስ ክብ አያለሁ። ፊት ለፊት "እርስዎ" እለው ነበር፤ በሆዴ "አንተ" ነው የምለው፤ እዚህም በሆዴ እንደምለው እጽፋለሁ።

"ዶክተር፣ ጽሑፌን አዩት?"

"እያየሁት ነው ልጄ። ታገሺ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።"

"የት ምዕራፍ ደረሱ?"

"እስቲ መጀመሪያ ያቺን ናሙና ማይክሮስኮፕ ላይ አድርጊልኝ።"

አምስት ዓመት እንዲህ ነው ያለፈው። እኔ ማይክሮስኮፑ ላይ እደፋለሁ፤ እሱ ከጀርባዬ እጁን አጣምሮ ይቆማል። "ምን ይታይሻል? ንገሪኝ።" እነግረዋለሁ። "ደግመሽ እይ።" ደግሜ አያለሁ። ቅጠሉን፣ ግንዱን፣ የአበባውን ብናኝ፣ ሁሉንም በቃል ስነግረው ሲመሽ ወጥቶ ይሄዳል። እየፈተነኝ ነው ብዬ ነበር። ታላቅ ሳይንቲስት ነው፣ ተማሪውን ማየት እያስተማረ ነው ብዬ እኮራ ነበር! ከዚያ የነገርኩት ሁሉ በእሱ ስም ይታተማል። አንዱ የታተመበትን ገጽ በመስታወት ፍሬም አስገብተው ኮሪደሩ ላይ ሰቀሉለት፤ በሐይቃችን ዳር አዲስ ዓይነት ጠርፋ አገኘ ተብሎ ጋዜጣም ጽፎለታል። ጠርፋ ማለት ጨው ያለበት አፈር ላይ የሚበቅል፣ የእኛ ሰው ለማገዶ የሚቆርጠው ቁጥቋጦ ነው። ናሙናውን በአባቴ ጀልባ ሄጄ እስከ ጉልበቴ ጭቃ ውስጥ ገብቼ የቆረጥኩት እኔ ነኝ። የተሰቀለ ዕለት ሄጄ ስሜን ፈለግኩ። ከላይ የለም። ከታች በትንንሽ ፊደል "እናመሰግናለን" ከሚሉበትም የለም። ያለው ስም አንድ ነው፤ የእሱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ መስታወት ሥር በቀን ስድስት ጊዜ ሳልፍ አንገቴን ወደ ሌላው ግድግዳ አዞር ነበር። አንድ መስመር አላነበብኩትም። ምራቄን ባለመትፋቴ ያመስግኑኝ።

በዚያው አርባ አንድ ቀን በቀረኝ ዕለት ለባህጋት የዲፌንስ ቀን ተቆረጠለት።

ባህጋት ከእኔ አንድ ዓመት ዘግይቶ የገባ ሙዒድ ነው። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ሰነፍ ነው። ጽሑፉ ውስጥ የአንድ ተክል ስም በሦስት ዓይነት ፊደል ተጽፏል። አማካሪው ያው ዶክተር ፊክሪ ነው። ላቦራቶሪው ውስጥ የፉል ሳንድዊች ሲበላ አገኘሁትና ፊቱ ቆምኩ።

"በአላህ ይሁንብህ፣ እውነቱን ንገረኝ። እንዴት አስፈረምከው?"

"እንዴት ማለት? እንደ ሰው ነዋ።"

"እንደ ሰው እንዴት ነው?"

"ወረቀቱን እጁ ሥር ታደርጊለታለሽ። ብዕሩን ታቀብዪዋለሽ። 'እዚህ ጋ ነው ዶክተር' ትዪዋለሽ። ይፈርማል፣ አበቃ።"

"ሳያነበው?"

ሳንድዊቹን ከአፉ አወጣ። "አንቺ ልጅ እየቀለድሽ ነው? በምኑ ያነበዋል?"

"በዓይኑ ነዋ!"

"የቱ ዓይኑ?" አለ ባህጋት። ከዚያ ፊቴን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ኢንሺራሕ፣ ሰውየው አያይም እኮ። ዳር ዳሩን ነው የሚያየው፣ መሐሉ ጠፍቶበታል። አምስት ዓመት ሊሆነው ነው።"

በርጩማው ላይ ተቀመጥኩ። "ማን ያውቃል?"

"ማን የማያውቅ አለ? ዐም ሸሓት ክንዱን ይዞ ከመኪና የሚያወርደው ለፍቅሩ መስሎሽ ነው?"

ዐም ሸሓት የላቦራቶሪያችን ሽማግሌ ሠራተኛ ነው፤ ብርጭቆም ያጥባል፣ ሻይም ያፈላል። ጧት ጧት ዶክተሩን ክንዱን ይዞ ሲያስገባው እያየሁ "አጎብዳጅ" እያልኩ ስሰድበው ኖሬያለሁ።

"ለምን አልነገራችሁኝም?" አልኩ።

"ለአንቺ? ቀኑን ሙሉ ከሱ ጋ የምትውዪው አንቺ! የሱ ዓይን አንቺ! እኛማ 'ይህች ልጅ አፏ የተሰፋ ነው፣ ምሥጢር ጠባቂ ናት' እያልን ስናደንቅሽ ነው የኖርነው።"

አምስት ዓመት! የቀረው ሁሉ ወረቀቱን እጁ ሥር እያንሸራተተ ሲያስፈርም፣ እኔ ብቻ፣ አንደኛ የወጣሁት እኔ፣ ዕውር ሰው እስኪያነብልኝ ቁጭ ብዬ ስጠብቅ። በራሴም፣ በባህጋትም፣ በዐም ሸሓትም፣ በጀልባዋ ላይ ባለው ስሜም ተናደድኩ። ከሁሉ በላይ ግን በእሱ። "ምን ይታይሻል? ንገሪኝ" ያለኝ ሁሉ ፈተና አልነበረም። ልመና ነበር፤ ግን ለማኝ እንኳ "ስለ አላህ" ይላል።

ሄድኩና ቢሮው ገባሁ። በሩን ከኋላዬ ዘጋሁት። በእኛ ፋኩልቲ ሴት ልጅ ከወንድ መምህር ጋር ሆና በር አትዘጋም፤ ዘጋሁት።

"ማነው?" አለ።

"ኢንሺራሕ ነኝ። ዶክተር፣ ርዕሱን ያንብቡልኝ።"

"የምኑን ርዕስ?"

"ፊትዎ ያለውን። ሻይዎ ሥር ያለውን።"

እጁ ብርጭቆውን ፈለገ፤ ሁለት ጣት ያህል ስቶ ጠረጴዛውን ነካ። ያን ስህተት ስንቴ አይቼው ነበር! የእርጅና መስሎኝ።

"ማን ነገረሽ?"

"ሁሉም ያውቃል። ከእኔ በቀር።"

"እኔ ደግሞ ሌላው ቢያውቅ ግድ አልነበረኝም" አለ ቀስ ብሎ። "አንቺ እንዳታውቂ ነበር የፈለግኩት።"

"የባህጋትን ፈረሙለት! የእኔን ስምንት ወር ሻይ ያስቀምጡበታል!"

"የባህጋትን ብፈርመው ምን ይጎዳል? ከመደርደሪያ ላይ የሚያወርደው የለም። ያንቺን ግን ማንበብ ፈለግኩ። ሠላሳ ዓመት ሳስተምር ማንበብ ያማረኝ ይህ አንድ ብቻ ነው። በየወሩ ካይሮ ሄጄ ዓይኔ ውስጥ መርፌ እወጋለሁ። ሐኪሙ ጥቂት ሊመለስልህ ይችላል አለኝ። እስኪመለስልኝ ብዬ ነው።"

እዚህ ላይ አዘንኩለት ብል ደስ ይላችኋል። አላዘንኩም። ጭራሽ ባሰብኝ።

"አክብረውኝ ነው ታዲያ?"

"አክብሬሽ ነው።"

"ክብርዎ መዝገብ ቤት ሊወረውረኝ ነው! አርባ አንድ ቀን ነው የቀረኝ! እናቴ አራት መንጋ ዳክዬ ለክብርዎ አሳድጋ አርዳለች! አባቴ ወደብ ላይ ማፈሪያ ሆኗል! 'ኢንሺራሕ፣ አንብቢልኝ' ማለት እንዴት ያቅትዎታል? ሁለት ቃል ነው እኮ!"

"ያቅታል" አለ። "ያቅታል ልጄ። ሞክረሽው አታውቂም።"

ብርጭቆውን አንስቼ መስኮቱ ላይ አስቀመጥኩ። ጽሑፉን ገልጬ፣ ሳያዘኝ፣ ፊቱ ተቀምጬ ማንበብ ጀመርኩ።

አራት ቀን አነበብኩለት። ዐም ሸሓት ከበሩ ውጭ ወንበር አድርጎ "ዶክተሩ ስብሰባ ላይ ናቸው" እያለ ሰው ይመልሳል። ሐሜቱ ሦስተኛ ፎቅ ደረሰ፤ ይድረስ። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማል፤ እንደ እሱ የሚሰማ ሰው ከዚያ በፊትም በኋላም አላየሁም።

"ቁሚ። 'ብዙ ቅጠሎች' አልሽ። ብዙ ስንት ነው? ቁጥር ስጪኝ።"

"ምዕራፍ ሦስት ላይ አለ።"

"እዚህም ይኑር። ቀጥዪ። ... ቁሚ። ይህን ዓረፍተ ነገር አንቺ አልጻፍሽውም።"

"እንዴት አወቁ?"

"አንቺ ስትናገሪ እንዲህ አትቅለሰለሺም። ከመጽሐፍ ነው የገለበጥሽው። አውጪው።"

ልክ ነበር። በየገጹ ልክ ነበር። በአራት ቀን ውስጥ በአምስት ዓመት ያልተማርኩትን ተማርኩ፤ በተማርኩ ቁጥርም ጥርሴን ነከስኩ። ይህን የመሰለ አስተማሪ እዚያው ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ ነበር፤ ኩራቱ ደብቆት አምስት ዓመት ናሙና ተሸካሚ አደረገኝ።

በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሠንጠረዥ ሰባት ደረስን።

"የሐይቁ ዳር ጠርፋ" አልኩ እያነበብኩ፤ "የአበባ ብናኝ። የተቆጠረ፣ ሁለት መቶ። በአንዱ ብናኝ ላይ ያለው የስንጥቅ ብዛት፣ ሦስት።"

"ስንት?"

"ሦስት።"

"ደግመሽ እይ።"

"ዶክተር፣ ይህ እኮ ወረቀት ነው። ሦስት ይላል።"

"ሁለት መቶውም?"

"ሁለት መቶውም። አንድ በአንድ ቆጥሬዋለሁ።"

ዓይኑን ገለጠ። ወደ እኔ አዞረው እንጂ እኔን አላየኝም። "በረመዳን አራት ነበር ያልሽኝ።"

መጀመሪያ ምን እንደሚል አልገባኝም። ከዚያ ቀስ እያለ መጣልኝ። ከሦስት ዓመት በፊት፣ ረመዳን፣ ሙቀቱ አናት የሚበሳ። ከንጋት ጀምሮ ጠብታ ውኃ አልቀመስኩም። ወደ መንደሬ የሚሄደው የመጨረሻው ማይክሮባስ ሊወጣ ሩብ ሰዓት ቀርቶታል። እሱ ከጀርባዬ ቆሞ "ስንት ስንጥቅ አለው? ደግመሽ እይ" ይለኛል። አንድ ብናኝ ነበር መስታወቱ ላይ፤ ጎኑን ይዞ ተጋድሟል፣ ወይም ሁለት ተደራርበው ይሆናል፤ ዓይኔ ተጭበርብሯል። "አራት ይመስላል" አልኩ። "አራት?" አለ፤ ድምፁ ውስጥ የሆነ ነገር ዘለለ። "አራት ከሆነ አዲስ ነው! እርግጠኛ ነሽ?" "አራት ነው ዶክተር" አልኩት ቦርሳዬን እያነሳሁ። ደርሼ ላፈጥር፣ ውኃ ልጠጣ፣ ከእሱ ልገላገል። ለመሄድ ስል አራት አልኩ። ማግስቱን ረሳሁት።

ተነስቼ ኮሪደሩ ላይ ወጣሁ። ያ መስታወት ሥር ቆምኩና ለመጀመሪያ ጊዜ አነበብኩት። "አራት ስንጥቅ" ይላል። "ከሚታወቁት ሁሉ የሚለየው በዚህ ነው" ይላል። አዲሱ ዓይነት የተባለው ጠርፋ፣ ጋዜጣው፣ በጡረታው ቀን ሊሰጡት ያዘጋጁለት ሽልማት፣ ሁሉም የቆመው ማይክሮባስ ሊያመልጣት በነበረች አንዲት ጾመኛ ልጅ ቃል ላይ ነው።

ስመለስ እንደተቀመጠ ነው።

"አነበብሽው?"

"አነበብኩት።"

"ለምን አራት አልሽኝ?"

"ደክሞኝ ነበር። ማይክሮባሱ ሊሄድብኝ ነበር። እርስዎም አራት እንዲሆን ፈልገው ነበር።"

"ፈልጌ ነበር" አለ።

"አንድ ብናኝ! እኔን 'ብዙ አትበዪ፣ ቁጥር ስጪ' ይሉኛል፤ እርስዎ በአንድ ብናኝ አሳተሙ!" ለምን እንደምጮህበት አላውቅም፤ ጥፋቱ የእኔ ነበር፣ ለዚያም ይሆናል። "ስሜን ጽፈውበት ቢሆን ኖሮ አነበው ነበር! አንብቤው ቢሆን የዚያኑ ዕለት 'ኧረ ቆይ፣ ይህ ነገር እንደገና ይቆጠር' እል ነበር! ሁለት ዓመት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ በሥሩ ሳልፍ አንገቴን ያዞርኩት በእርስዎ ምክንያት ነው!"

"ልክ ነሽ።"

"ልክ ነሽ አይበሉኝ!"

"ምን ልበልሽ ታዲያ?"

ተቀመጥኩ። ሠላሳ ሰባት ቀን ቀርቶኛል። ያን ጊዜ ያልኩትን እስከ ዛሬ ሳስበው ፊቴ ይቀላል። "ሠንጠረዥ ሰባትን ላውጣው?" አልኩ። "ያለሱም ጽሑፉ ይቆማል። ማንም አይጠይቅም።"

እውነተኛ ቁጣውን ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ጠረጴዛውን በመዳፉ መታው።

"ሁለት መቶ ቆጥረሽ ልታወጪው? ሦስት ከሆነ ሦስት ነው! ሁለተኛ እንዲህ ያለ ቃል ከአፍሽ እንዳልሰማ። ብዕሩን ስጪኝ። የቱ ጋ ነው?"

ጣቱን ይዤ መስመሩ ላይ አሳረፍኩለት። ፈረመ።

ዲፌንሱ አምስቱ ዓመት ሊያልቅ ስድስት ቀን ሲቀረው ሆነ። እናቴ ለአምስተኛው መንጋ እድሜ አልሰጠችውም፤ ከንጋት በፊት አረደችው። ሩዝ የተሞሉ እርግቦች፣ ስድስት ዳክዬ፣ ሁለት ትሪ ባስቡሳ የሚባል ጣፋጭ በማይክሮባስ ጭና ከአጎቶቼ ጋር አዳራሹን ሞላችው። አባቴ ለሰርግ የሚለብሰውን ጀለቢያ ለብሶ መጀመሪያው ረድፍ ላይ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ሲት አፍካርም ከመዝገብ ቤት ወጥታ መጥታ ከበሩ አጠገብ ቆማለች።

ፈታኞቹ ሦስት ነበሩ። መሐል ዶክተር ፊክሪ፤ በግራው ከእኛው ፋኩልቲ የሆነ፣ ከጧት ጀምሮ ወደ ምግቡ ጠረጴዛ የሚያይ ሰው፤ በቀኙ ከላይኛው ግብፅ የመጣ ዶክተር ሮሽዲ የሚባል ቀጭን ሰው። ዶክተር ሮሽዲ ጽሑፌን በየገጹ ወረቀት ሰክቶበታል። ሁለት ሰዓት ጠየቀኝ፤ መለስኩ። በመጨረሻ መነጽሩን አወለቀ።

"ሠንጠረዥ ሰባት። ሦስት ትያለሽ።"

"አዎ ዶክተር።"

"ወደዚህ ስገባ ኮሪደሩ ላይ የአማካሪሽ ጽሑፍ በመስታወት ተሰቅሎ አየሁ። ተክሉ አንድ ነው፣ ሐይቁ አንድ ነው። እዚያ አራት ይላል።" ወደ አዳራሹ ዞር አለ፣ ለተመልካች መጫወት ያውቅበታል። "ከሁለት አንዳችሁ ተሳስታችኋል። ማናችሁ ናችሁ?"

አባቴ አንገቱን ቀና አደረገ። እኔ አፌን ከፈትኩ፤ እምላለሁ፣ ከፍቼዋለሁ። "አራት ያልኩት እኔ ነኝ፣ ያየሁለት እኔ ነኝ" የሚለው ቃል ጥርሴ ጋ ደርሷል። ይህን ካልኩ ቀጣዩ ጥያቄ "እሱስ ለምን ራሱ አላየም?" ነው። ከዚያ የባህጋት ፊርማ፣ የእኔ ፊርማ፣ የሁሉም ፊርማ ይጎተታል። ስድስት ቀን ነው የቀረኝ። ሲት አፍካር ከበሩ ታየኛለች።

"ጥፋቱ የእኔ ነው" አለ ዶክተር ፊክሪ።

"እንዴት?" አለ ዶክተር ሮሽዲ።

"አንድ ብናኝ አይቼ ቸኮልኩ። እሷ ሁለት መቶ ቆጥራለች። ልክ እሷ ናት።"

"አንድ ብናኝ? ዶክተር ፊክሪ፣ ይህን እኮ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪም አያደርገውም!"

አዳራሹ ውስጥ ሳቅ ተነሳ። አጎቶቼም ሳቁ፤ በምን እንደሚሳቅ ሳያውቁ።

"አያደርገውም" አለ።

"ሲያዩት ማን ነበር አብሮዎት? የመሰከረ የለም?"

ዶክተር ፊክሪ ፊቱን እኔ ወዳለሁበት አላዞረም። "ብቻዬን ነበርኩ" አለ።

እኔም ዝም አልኩ።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ውጤቱን አነበቡ፤ "እጅግ በጣም ጥሩ" አሉ። እናቴ እልልታዋን አቀለጠችው፣ አባቴ አለቀሰ፣ አጎቶቼ ወደ ዳክዬው ተንቀሳቀሱ። ሲት አፍካር መጥታ ሳመችኝና ወደ ማኅተሟ ወረደች። እኔ መሐላቸው ቆሜ እየተንቀጠቀጥኩ ነበር። በደስታ የመሰላቸው ይመስላቸው። ሰውየው አምስት ዓመት ሥራዬን በስሙ ሲወስድ አንድ ቀን አልጠየቀኝም። ዛሬ ደግሞ ስህተቴን በስሙ ወሰደው፤ አሁንም ሳይጠይቀኝ! ስህተቴ እንኳ የእኔ ሆኖ አልቀረልኝም። ልጠላው ፈልጌ እንኳ ቦታ አሳጣኝ። ከዚያ ወዲህ ዶክትሬት ይዣለሁ፣ ፕሮፌሰር ሆኛለሁ፣ ልጆች በሁለት ቀለም የምናገረውን ይጽፋሉ፤ ያ ዝምታዬ ግን በየመስከረሙ ከእኔ ጋር አዳራሹ ውስጥ ይቆማል። የምናደደው በእሱ ነው እላለሁ። በእሱ ብቻ አይደለም።

ሰው ሁሉ ምግቡ ጋ ሲሄድ ዐም ሸሓት መጥቶ እጅጌዬን ጎተተኝ። "ዶክተሩ ይጠሩሻል" አለኝ። ኮሪደሩ ላይ ነበር፤ ያ መስታወት ሥር፣ አንድ እጁን ግድግዳው ላይ አድርጎ።

"ኢንሺራሕ ነሽ?"

"ነኝ።"

"አውርጂው።"

ከሚስማሩ ላይ አነሳሁት። ከባድ ነበር፤ አቧራው እጄ ላይ ቀረ።

"ስንት ስም አለበት?" አለኝ።

"አንድ" አልኩ። እንባዬ የንዴት ነበር።

"ደግመሽ እይ።"

አየሁ። ከላይ አየሁ፣ ከታች በትንንሽ ፊደል ያለውንም አየሁ።

"አንድ ነው ዶክተር። የእርስዎ ብቻ።"

"ጥሩ" አለ፤ ክንዱንም ዘረጋልኝ። ዐም ሸሓት መስታወቱን ተቀበለኝ፤ እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው እያየኝ ክንዱን ይዤ እናቴ ዳክዬ ወደምታድልበት ክፍል ወሰድኩት።